በቀትር የሚጠማቸው

ድሮ፣ ድሮ፣ ሙታን በዛፍ ጥላ ሥር በሚያርፉበት ዘመን፣ ዋሻ አፋፍ በምትባል መንደር አንጓች የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ስሙኝ ልጆቼ። በዚያ አገር ሰው ሲቀበር በራስጌው ወይራ ይተከልለታል። ወይራው ከደረቀ ሙቱ ጥላ ያጣል። ጥላ ያጣ ሙት ደግሞ በቀትር «ጠማኝ» ይላል።

ፀሐይ ከዓመት ዓመት እየከረረች ሄደች። ወይራዎቹ ተራ በተራ ደረቁ። የአንጓች ባል ወይራም ደረቀ። በቀትር ከመቃብሩ «ጠማኝ፣ አንጓች» የሚል ድምፅ መጣ። ውኃ አፈሰሰችለት፤ አላረካውም። ቁጭ ብላ አለቀሰች።

አንጓች ሸክላዋን ተሸክማ ደጋ ገበያ ትወጣለች፣ ቆላ ገበያ ትወርዳለች። ከደጋ የወይራ ፍሬ ለቀመች፤ ከቆላ ለቀመች፤ ከመንደሯም ለቀመች። በተሰበረ ገንቦ አብቅላ ሦስቱንም በባሏ ራስጌ ጎን ለጎን ተከለች። ሰው ሳቀ። «የቆላው ደግሞ እዚህ ምን ሊሆን?» አሏት።

«እኔ ምን አውቄ፤ ክረምት ይመስክር» አለች።

መጀመሪያ ውርጭ መጣ። የቆላው ጠቁሮ ወደቀ። ሰው ሳቀ። አንጓች አልነቀለችውም። ባሏም በቀትር «ጠማኝ» አለ።

ቀጥሎ ድርቅ መጣ። መለሎው የደጋ ወይራ ደረቀ። የመንደሩም ደረቀ። ከጠቆረው ከቆላው ሥር ግን ጠማማ ቀንበጥ ወጣ። ሰው አሁን አልሳቀም፤ ፈራ። «ሸክላ ሠሪ አይደለች? ዓይኗ ነው ያደረቃቸው» አሉ። መቼም ሰው ለፈራው ነገር ጥፋተኛ ሳይፈልግ አያድርም።

በመጨረሻ መጥረቢያ መጣ። ጠማማው ወይራ ጥላ መጣል ጀምሮ ነበር። ደመላሽ የሚባል ጎበዝ ሊቆርጠው በቀትር ወጣ፤ መንደርተኛው ተከተለው። አንጓች ግንዱን አቅፋ ቆመች። መጥረቢያው ተነሣ። ያን ጊዜ መቃብሩ ሁሉ «ጠማኝ» አለ። ከላይ «ጠማኝ»፣ ከታች «ጠማኝ»። ደመላሽ ከመካከል የእናቱን ድምፅ ለየ። ከአንጓች ባል መቃብር ብቻ ምንም አልተሰማም።

ደመላሽ መጥረቢያውን ጣለ። «እመት አንጓች፣ ዘር ስጪኝ» አላት። ከዚያ በፊት እመት ብሎ የጠራት አልነበረም። ሰጠችው። እኔ ብሆን ትንሽ አስለምነው ነበር።

ለዚህ ነው በእኛ አገር ለቀብር ከሩቅ የሚመጣ ሰው ከአገሩ የወይራ ፍሬ ቋጥሮ የሚመጣው። ሁሉም በአንድ ራስጌ ጎን ለጎን ይተከላል። ሦስት ክረምት ሳያልፍ ይህኛው ይሻላል የሚል ካለ፣ «ተው፣ አንጓች ክረምት ይመስክር ብላለች» ይባላል።

እሷም ከባሏ አጠገብ፣ በዚያው ጠማማ ጥላ ሥር ተቀብራለች። በቀትር ሳልፍ ሁልጊዜ ቆሜ አዳምጣለሁ። እስከ ዛሬ ውኃ አልጠየቀችም።