የእናት ገመና

ዶክተር ልሳነወርቅ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ነበሩ። እንደ ስማቸው አፈ ወርቅ ናቸው፤ እጃቸው ግን ከአፋቸውም ይፈጥናል። ለአዲሱ ቤተ መጻሕፍት ጣሪያ የተገዛው ሰማያዊ ቆርቆሮ፣ ምስኪን፣ መንገድ ስቶ ሐይቅ ዳር ባሠሩት ቪላ ላይ አረፈ። ተማሪውም ክረምቱን ጃንጥላ ዘርግቶ ሲያነብ ከረመ። ወሬው በቴሌቪዥን ሲወጣ አገሩ ሁሉ ጉድ አለ።

ፕሬዚዳንቱ ግን ምን ገዷቸው! ሠራተኛውን አዳራሽ ሰበሰቡ፤ ጋዜጠኞችንም ከፊት አስቀመጡ።

«ዩኒቨርሲቲ እናት ነው» አሉ፣ እንባ እየተናነቃቸው። «ጨዋ ልጅ የእናቱን ገመና ይሸፍናል እንጂ አደባባይ አያወጣም!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ዲኖቹማ መዳፋቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ።

አንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ብቻ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። እዚያው ተምራ እዚያው የተቀጠረች፣ በምላሷ የምትታወቅ ሴት ናት። ዶክተሩ አዩዋት።

«አንቺ! እናትሽን ካድሽ? በይ ተነሺና ገመናዋን እሸፍናለሁ ብለሽ በካሜራው ፊት ቃል ግቢ። እምቢ ካልሽ ቁልፍሽን አስረክበሽ ውጪ!»

ሴትየዋ ቀስ ብላ ተነሳች።

«ኧረ ክቡር ፕሬዚዳንት፣ እናቴን ምን ቆርጦኝ እክዳለሁ? ገመናዋንም ዛሬውኑ እሸፍናለሁ» አለች።

ዶክተሩ ደስ ብሏቸው ወደ ካሜራው ፈገግ አሉ።

«እርስዎ ብቻ» አለች ሴትየዋ፣ «ቆርቆሮዋን ከቪላዎ ላይ ያውርዱልኝ።»