የተፈተነ ቢላዋ የማን ነው?

ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ሠርግ ሰንጋ ጥለው የአገሩን ቀጥቃጮች ቢላዋ አወዳደሩ። ቢላዋው አጥንት መትቶ፣ ጠፍር በጥሶ፣ በመጨረሻም ጥሬ ሥጋ ሳይጎትት መቁረጥ ነበረበት። ሥጋውን እየቆረጡ እየጎረሱ የሚፈርዱት ራሳቸው ፊታውራሪ ናቸው። ቀጥቃጮቹ ግን «ቡዳ ናቸው፤ ዓይናቸው ሥጋው ላይ እንዳያርፍ» ተብለው ከዳሱ ውጭ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ተቀመጡ።

አንድ ምላሰኛ ቀጥቃጭ አሸነፈ። ከዳሱ ደጃፍ ቆሞ «ቢላዋዬን ስጡኝ፤ ይዤው ልሂድ» ቢል ፊታውራሪ ሳቁበት።

«የተፈተነ ቢላዋ ለሠሪው ምን ያደርግለታል? ከዛሬ ጀምሮ ሥጋ የምቆርጠው በዚህ ነው። ወይስ ለእኔ ይበዛል ትላለህ?»

«ይበዛል» ቢል ጅራፍ አለ፤ «አይበዛም» ቢል ቢላዋው ቀረ።

ቀጥቃጩ እጅ ነሣ። «ኧረ ሲያንስዎ ነው ጌታዬ! ከንፈርዎ ድረስ እያስጠጉ ይቁረጡበት። ሥጋውን በሩቁ እንኳ እንዳላይ ፊቴን አስዙረውኛል። ይህን ቢላዋ ግን ገና ብረት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ዓይኔን ሳልነቅል ሳፈጥበት ነው የከረምኩት።»

ፊታውራሪ የጎረሱትን መዋጥም መትፋትም አቃታቸው። ቢላዋውን ከእጃቸው ጥለው በእግራቸው ወደ ደጃፉ ገፉና ጉንጫቸው እንደተወጠረ «ውሰድልኝ!» አሉ።

ቀጥቃጩ ቢላዋውን አንሥቶ ወገቡ ላይ ሻጠ። መንገድ ሊጀምር ሲል ግን በዳሱ ውስጥ ወደተሰቀለው ሥጋ ዞረ።

«ጌታዬ፣ ይህም የተቆረጠው በዚሁ ቢላዋ ነው፤ እሱንም ይዤልዎ ልሂድ?»