ጥቁሬ ጋራ የነጣ ዕለት

በእኛ አገር፣ ገና እጁ ያልገባውን ተማምኖ የያዘውን ለሚበትን ሰው የምንወረውራት አንዲት አባባል አለች። የዛሬ ልጆች እየሳቁ ነው የሚሏት። እኔ ግን ከየት እንደመጣች ስለማውቅ መሳቁ አይሆንልኝም። ታሪኳን ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ መሳቅ የቻለ ይሳቅ።

ነገሩ የሆነው የጨው ነጋዴ በግመል ወደ በረሃ ይወርድ በነበረበት ዘመን ነው። ይመር የሚባል የደጋ ሰው ታናሽ ወንድሙን ሙሄን አስከትሎ ወረደ። መንገድ የሚመራቸው ያዮ የሚባል የአፋር ሰው ነበር። ከአምስቱ ግመሎቻቸው አራቱ አሞሌ ጨው ሲጭኑ አምስተኛዋ የውሃ ቀርበታ ብቻ ትሸከማለች። ይመር ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ነበር እንጂ። ከቤት ሲወጡ እናቱ እጁን ይዛ፣ «ሙሄን እንደወሰድከው መልስልኝ፤ የድርሻውን ጨውም ይዞ ይግባ፣ በእሱ እንድረዋለን» ብላዋለች። ይህ ቃል መንገዱን ሁሉ ሲከነክነው ነበር።

ጨዉን ጭነው ሲመለሱ በሦስተኛው ቀን የሙሄን ድርሻ የጫነው ግመል ወደቀ፤ ወድቆም ቀረ። ሙሄን ራሱን ደግሞ የቆላ ንዳድ ይዞት ይንቀጠቀጥ ስለነበር በአንዱ ግመል ጭነት ላይ አወጡት። ያዮ የወደቀውን ግመል ጨው አራግፎ በመንገድ ዳር ደረደረና ዙሪያውን በድንጋይ ከበበው። የበረሃው ሕግ እንዲህ ነው፤ በወግ ተደርድሮ የተተወ ጨው ባለቤቱ እስኪመለስ ዓመትም ቢቆይ የሚነካው የለም። ይመር ሕጉን ያውቃል። ማወቅና ማመን ግን ለየቅል ናቸው።

እዚያው አደሩ። ሊነጋጋ ሲል ያልለመዱት ብርድ አጥንታቸው ድረስ ገብቶ ቀሰቀሳቸው። ቀና ቢሉ፣ ከፊት ለፊታቸው ያለው ጥቁሬ ጋራ፣ ሣር እንኳ የማያውቀው ያ ከል የመሰለ ድንጋይ፣ ከአናቱ እስከ እግሩ ነጭ ሆኗል። ግመሎቹ አንገታቸውን አስግገው ወደዚያው እያዩ አንድም ድምፅ አያሰሙም።

«ያዮ፣ ያ ምንድን ነው?» አለ ይመር።

ያዮ ግመሎቹን ለማስነሳት እየተጣደፈ መለሰ። «እኔ እንጃ። አባቴም አያቴም እንዲህ ሆኖ አይተውት አያውቁም። ጋራው ከፈን ለብሷል። መንገዳችን በእግሩ ሥር ባያልፍ ኖሮ ዞር ብዬም አላየው። ቶሎ እንለፈው።»

ይመር ግን ሳቀ። «አመዳይ ነው እኮ! በእኛ አገር ጫፍ ጫፉ ላይ ይጥላል። ፀሐይ ስትነካው ውሃ ይሆናል። ያዮ፣ ያ ሁሉ ተራራ ውሃ ነው!» ከዚያም ድንገት ወደ ተደረደረው ጨው ዞረ። «እስከ ጋራው ግማሽ ቀን ነው። ቀርበታዎቹን እንድፋቸውና የሙሄን ጨው በውሃዋ ግመል እንጫን። እግሩ ሥር ስንደርስ እንሞላቸዋለን።»

«ጨዉ የትም አይሄድም፣ ይጠብቅሃል» አለ ያዮ። «ውሃ ግን ማንንም አይጠብቅም። ከዚህ ወዲያ ጉድጓድ የምናገኘው በሁለተኛው ቀን ነው።»

«እና ወንድሜን ባዶ እጁን ይዤ እናቴ ፊት ልቁም?»

ሙሄ ከጭነቱ ላይ አንገቱን ቀና አደረገ። «ይመርዬ፣ ይቅር በአላህ። እኔ የጠማኝ ውሃ ነው።»

«ዝም በል አንተ፣ አሞሃል።»

ግመሎቹን ካጠጡ በኋላ የተረፈውን ደፉት። ለመንገድ አንዲት ቅል ብቻ ቀረች። መንገድ መሪ እንጂ ባለ ግመል ስላልነበረ መከልከል ያልቻለው ያዮ፣ አሸዋው ውሃውን ሲጠጣው ማየት አቅቶት ፊቱን አዞረ።

ጉዞ ጀመሩ። መጀመሪያ ላይ ይመር እያንጎራጎረ ነበር የሚሄደው። ፀሐይ ከፍ ስትል የጋራው እግር ጠቆረ፤ ቀጥሎ ወገቡ። እነሱ ወደፊት በተራመዱ ቁጥር ነጩ ወደ ላይ ይሸሻል። ይመር ማንጎራጎሩን ተወ። ቅሏ ለሙሄ ብቻ እየተሰጠች እንኳ ቀትር ሳይሆን አለቀች። ይህን ጊዜ ይመር ፈራ። የፈራውን ነገር ስሙን መጥራት ስላልደፈረ ግመሎቹን በዱላ መምታት ጀመረ።

ከጋራው ሥር ሲደርሱ ሸለቆው ደረቅ ነበር። አሸዋው ብቻ ጠቆር ብሏል። በእጃቸው ጫሩ፣ እስከ ክርናቸው ቆፈሩ፤ ያገኙት እርጥብ አሸዋ ነው። ይመር ነጠላውን አውልቆ አሸዋውን ቋጠረበትና በሙሄ አፍ ላይ ጨመቀው። ሁለት ሦስት ጠብታ ወረደ። እንደገና ቢጨምቅ የወረደው ጭቃ ብቻ ሆነ።

«ጫፉ ላይ ገና አለ። እሞክራለሁ» ብሎ ያዮ ድንጋዩን መውጣት ያዘ።

ይመር ከወንድሙ ጋር ብቻውን ቀረ። በሕይወቱ እንደዚያ ሰዓት ፈርቶ እንደማያውቅ ኋላ እሱ ራሱ ተናግሯል። ሙሄ ዓይኑን ከጫፉ አልነቀለም። «ይመርዬ፣ ያ ነጩ ቅርብ ነው ወይስ ሩቅ?» ይል ጀመር። ይመር «ቅርብ ነው፣ ቅርብ ነው» እያለ ዋሸው። በኋላ ሙሄ መጠየቁንም ተወ።

ያዮ አመዳዩን ከድንጋይ ስንጥቅ ዝቆ በሽርጡ ቋጥሮ ነበር የወረደው። ግን የጋለው ድንጋይና የገዛ ገላው ሙቀት አቅልጠውት ሸለቆው የደረሰው የረጠበ ጨርቅ ብቻ ነው። ለሙሄ ጨመቁለት። ምላሱ አብጦ ስለነበር ውሃው በአገጩ ወረደ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሙሄ አረፈ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጨው ሜዳ የሚወርዱ ነጋዴዎች ደረሱባቸው። አለቃቸው ሼህ ኑርዬ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሁለቱን አጠጥተው ሲያበቁ ሁለት ሙሉ ቀርበታ አስወርደው ሙሄን አሳጠቡት። ውሃው በሬሳው ላይ ሲፈስ ይመር መሬት ላይ ተንከባለለ። ትናንት ከዚያ ውስጥ አንድ ኩባያ ቢኖር ኖሮ!

ቀብረው ሲጨርሱ ሼህ ኑርዬ ባዶዎቹን ቀርበታዎች አነሱ፤ በውሃዋ ግመል ላይ የተከመረውን ጨው አዩ፤ ከዚያም ዓይናቸውን ወደ ይመር መለሱ።

«አባቴ፣ ነጭ ነበር እኮ» አለ ይመር፣ በሁለት እጁ ራሱን ይዞ። «ሙልጭ ያለ ነጭ! ያዮም አይቷል፣ እሱን ይጠይቁት!»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መለሱለት፤ «አይታችኋል ልጄ፣ ማን ዋሻችሁ አለ፤ ግን ተራራ ነጣ ተብሎ ቀርበታ አይደፋም።»