የአንድ ቤት ጀግኖች

ከተማው ገና ስላልተሠራ ፊልም ሲጣላ ሰነበተ። ፊልሙ አምስት ልዕለ ጀግኖች ተባብረው አዲስ አበባን ሲያድኑ የሚያሳይ ነው። ግማሹ «ውጊያው መርካቶ ይሁን» ሲል ግማሹ «የለም፣ ፒያሳ» አለ። የሚበረውን ማን ይጫወተው በሚለውማ ስንት ጓደኛሞች ተኮራረፉ።

በመጨረሻ ፕሮዲውሰሩ አቶ ጉልላት አድናቂዎቹን በሲኒማ ቤታቸው ሰብስበው ክርክሩን ዘጉት። ውጊያው የሚካሄደው በሆቴላቸው ነው። የሚበረው ልጃቸው፣ ብረት የሚያጣምመው ወንድማቸው፣ የሰው ሐሳብ የምታነበው ባለቤታቸው ናት። የማይታየውን የሚጫወተው አማቻቸው ስብሰባው ላይም አልታየም። መሪው ራሳቸው ናቸው።

«ታዲያ የተዋናይ ምልመላ አለ ብለው ለምን አስለጠፉ?» አለች የሲኒማ ቤቱ ትኬት ቆራጭ ከበሩ ላይ። ለምልመላው ሦስት ሳምንት ተለማምዳለች።

አቶ ጉልላት ሳቁ። «ላንቺም አልጠፋም። ከተማውን የሚያወድመው ክፉ ሰው ይቀራል፤ ለዚህ ምላስሽ ይስማማዋል። እዚሁ ሰው ፊት አመስግነሽ ተቀበይ፤ አለዚያ ነገ በሬ ላይ እንዳላይሽ።»

እሷ የትኬቱን ጥራዝ ወንበር ላይ አስቀመጠች።

«አይሆንም ጋሼ» አለች። «አምስቱም ጀግኖች ከአንድ ቤት ተገኝተው፣ ክፋት ብቻ እንዴት ከጎረቤት ይለመናል?»