የበለጡ ጋቢና የእኔ ቁርበት

«ብትለያዩስ፣ ልጅቱን ማን ያለብሳታል?»

አያ ይመር ይህን የጠየቁኝ ለግሸን ጉዞ ስንነሳ ነው። በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ሸክም ለማቅለል ብለው ዕቃቸውን አንድ ላይ ሲያደርጉ ትልልቆቹ ፈገግ ይሉና አንድ አባባል ጣል ያደርጋሉ። ብዙ ሰው አባባሉ ከጥንት የመጣ ይመስለዋል። ከጥንት አይደለም፤ የመጣው ከእኔና ከጎረቤቴ ከበለጡ ቂልነት ነው። ስለዚህ እንዴት እንደተባለ እኔው ብናገር ይሻላል።

ልጄ ስንዱ ያን ጊዜ ሦስት ዓመቷ ነበር። በክረምቱ ደረቷን ታመመችና ትንፋሿ እንደ ወናፍ ሲያፏጭ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እያንዳንዱን እቆጥር ነበር። «ብታተርፊልኝ አዝዬ ግሸን ድረስ አመጣታለሁ» ብዬ ለማርያም ተሳልኩ። ስንዱ ተረፈች። መስከረም ጠብቶ የማኅበራችን ሰዎች ለሃያ አንዱ በዓል ሊነሱ ሲዘጋጁ እኔም ስለቴን ላደርስ ቆረጥኩ። ከእኛ መንደር ግሸን ለእግረኛ የሦስት ቀን መንገድ ነው። ስለቱን ያላደረሰ ሰው የተሰጠው ይወሰድበታል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ልጅቱን ይዞ መሄዱም አስፈራኝ፣ መቅረቱም አስፈራኝ። ባሌ አዝመራውን ጥሎ መምጣት አልቻለም።

ከሁሉ ያስጨነቀኝ የምንለብሰው ነገር ነበር። ቤታችን ያለው አንድ ቡልኮ ነው። ሞቃት ነው፤ ግን አንድ ሰው ለብቻው አጥፎ አይጨርሰውም። በለጡ መጥታ አንዱን ጫፍ ይዛ ብድግ ለማድረግ ሞከረችና መልሳ ጣለችው።

«በስመ አብ! ይኼ ልብስ ነው ወይስ የታረደ በሬ? ልጅ አዝለሽ፣ ስንቅ ይዘሽ፣ ይኼን ደርበሽ? ግሸን ሳይሆን መቃብር ነው የምትደርሺው!»

«ብርዱስ?»

«የምን ብርድ? ክረምቱ እኮ ወጣ። የምናልፍበት ቆላ ድንጋይ ያበስላል። ስሚኝ አንጓችዬ፣ እኔ ጋቢዬን እይዛለሁ፣ አንቺ ያቺን የጥጃ ቁርበት ያዢ። ቁርበቱ ከታች፣ ጋቢው ከላይ፣ ስንዱ ከመሃላችን። ሦስት ሰው ይተኛል፣ ሁለታችንም ግማሽ እንሸከማለን።»

ነገሩ ጥሩ መሰለኝ። ቡልኮውን ወደ ቆጡ መለስኩት።

ማኅበራችን ሊነሳ ሲል ሙሴው፣ ማለት የማኅበሩ መሪ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ የእያንዳንዱን ሰው ሸክም በእጁ እያነሳ ይመዝናል። የከበደውን ያስቀንሳል፤ የቀለለውንም ለምን ቀለለ ብሎ ይጠይቃል። የእኛ ሙሴ አያ ይመር ነበሩ። ቁርበቴን አነሱ፣ ዙሪያዬን አዩ፣ የበለጡን ጋቢ አዩና ያንን ጥያቄ ጠየቁኝ።

በለጡ ቀደመችኝ። «ለምን እንለያያለን አያ ይመር? እኔ እኮ የአንጓች ጥላ ነኝ!»

«ጥላማ ደመና ሲመጣ ይጠፋል» አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ፤ ቡልኮውን ልመለስና ላምጣው ብዬ አሰብኩ፣ ግን ቤቴ ሩቅ ነበር፣ ሰውም እየተነሳ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ግን በለጡ እውነቷን ሆነ። ቆላው እንደ እሳት ነደደ። ጋቢና ብርድ ልብስ የደራረቡት ላብ በላብ ሆኑ። አያ ይመር ጥቁር የሱፍ በርኖሳቸውን በትከሻቸው ጥለው ከሁሉ ኋላ ይመጣሉ፤ ደክሞት የሚቀር ሰው እንዳይኖር ሙሴ ሁልጊዜ ኋላ ነው የሚሄደው።

«አያ ይመር፣ በጉን ለማን ነው የተሸከሙት?» ትላቸዋለች በለጡ።

«ላንቺ አይደለም» ይሏታል።

የዚያን ዕለት አንድ ወንዝ ዳር ሦስታችንም በቁርበቱ ላይ፣ ከጋቢው ሥር፣ ደህና አደርን። ስንዱ አንዴ እንኳ አላሳለችም።

በሁለተኛው ቀን ዳገቱ መጣ። ስንዱ በእግሯ መሄድ እምቢ አለችና አዘልኳት። ዳገት ላይ የሦስት ዓመት ልጅ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ትከብዳለች። በየጥቂቱ እቆማለሁ፤ በለጡ ከፊት ሆና ትዞራለች፣ ትጠብቀኛለች፣ ደግሞ ትሄዳለች። እንዲህ ስንል ከሌላ አጥቢያ የመጡ ተጓዦች እየዘመሩ ከኋላችን ደረሱ። እርምጃቸው ፈጣን ነው። ሳይመሽ ከአምባው ሥር እንደርሳለን፣ ቀድሞ ያልደረሰ ማደሪያ አያገኝም ተባባሉ።

የበለጡ ዓይን ከእነሱ ጋር ሄደ። እሷ አሥር ዓመት በትዳር ኖራ ልጅ አልወለደችም፤ ስለቷም በማርያም ደጅ ሥር ሁለት ሌሊት ማደር ነበር።

«አንጓችዬ» አለች። ቃሏ የሌላ ጊዜው አልነበረም። «ቀድሜ ልድረስና ቦታ ልያዝላችሁ?»

ልጅ ያላት ሴት ልጅ የሌላትን እንዴት ትከለክላለች? «ሂጂ፣ ያዢልን» አልኳት። እንዲህ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱን በሙሉ በእሷ አላደርገውም። ሮጣ ተቀላቀለቻቸው። ጋቢው ትከሻዋ ላይ ነበር። እሷም አላሰበችው፣ እኔም አላሰብኩት።

ያሰብኩት ጉም ሲመጣ ነው። ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ሳላየው ከበበኝ፤ ከፊቴ የነበሩት ሰዎች ድምፃቸው ብቻ ቀረ፣ ከዚያ ድምፃቸውም ጠፋ። ከዚያ በረዶ ወረደ። አንድ ቋጥኝ ሥር ተጠጋሁና ስንዱን ከጀርባዬ አወረድኳት። ነጠላዬ ረጥቦ ነበር። እጄን ወደ ጋቢው ዘረጋሁ፤ አዎ፣ ዘረጋሁ፣ ያለ ይመስል። ያገኘሁት ቁርበቱን ነው።

ቁርበት ከታች ነው እንጂ ከላይ አይሆንም። በእሷ ላይ ላጥፈው ስል እንደ ሳንቃ ድርቅ ይልና ይዘረጋል፤ በአንድ በኩል ስይዘው በሌላው ነፋሱ ይገባል።

«እማ፣ በረደኝ» አለች።

«እሺ እናቴ፣ አሁን በለጡ ትመጣለች።»

«እማ፣ በረደኝ።»

ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ አለችኝ። ከዚያ ማለቱን ተወችው። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት፤ ስትናገር የነበረው ፍርሃት ፍርሃት አልነበረም። ልብሴን ከፍቼ ደረቴ ላይ ለጠፍኳት። ገላዋ ከበረዶው ይበርዳል። ያ የወናፍ ድምፅ ተመለሰ። «ስለቴን እያደረስኩ ነው እኮ፣ እየመጣሁ ነው እኮ» እያልኩ ጮኽኩ፤ ማርያምን ይሁን ጉሙን እንጃ።

የሰማኝ አያ ይመር ነበሩ። በበትራቸው ድንጋዩን እየነኩ መጡና ቆሙ።

«አለች?»

«አላውቅም።»

በርኖሳቸውን አውልቀው እኔንና ስንዱን አንድ ላይ ጠቀለሉን። ውስጡ ደረቅና ሙቅ ነበር። እሳቸው በእጀ ጠባብ ብቻ ከፊት ከፊት እየሄዱ ከሸንተረሩ ላይ ወዳለች መንደር አደረሱን። የማኅበራችን ሰዎችም በረዶውን ሸሽተው እዚያ ገብተው ነበር። አንዲት ሴትዮ ከቤቷ አስገባችን፣ እሳቱንም አነደደች። እንደ ክረምቱ ሁሉ የስንዱን ትንፋሽ ስቆጥር አደርኩ። አንዳንዴ አንዱ ሲዘገይ የእኔም አብሮ ይቆማል። አያ ይመር በሩ ሥር እየተንቀጠቀጡ ዳዊታቸውን በቃላቸው ይላሉ።

ሊነጋጋ ሲል ስንዱ ዓይኗን ገልጣ «ውሃ» አለች። ትኩሳት ነበራት፣ ግን ውሃ ጠየቀች።

ፀሐይ ሞቅ ካለ በኋላ በለጡ ደረሰች። ከትከሻዋ እስከ እግሯ ጭቃ ናት፤ ጋቢው ውሃ ጠጥቶ እንደ ሞላ እንስራ ጎትቷታል። ከደጃፉ ቆማ «አለች?» አለች፤ እሷም ይህችኑ ቃል።

በክፉ ቃል ልቀበላት አስቤ ነበር። «አለች» ብቻ አልኳት።

እንደ ሕፃን መሬቱ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። «ከታች የማነጥፈው የለኝ፣ ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብዬ ቆየሁ። ጋቢውን ስደርብ ነው ስንዱ ትዝ ያለችኝ። ዳገቱን በጨለማ ለመውረድ ፈራሁ፤ ወገግ ሲል ተነሣሁ። አምባው ከፊቴ ይታየኝ ነበር፣ አንጓች።»

በዓሉ በማግስቱ ነው፤ ማኅበሩ መነሣት ነበረበት። አያ ይመር የስንዱን ግንባር ዳሰሱና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይህች ልጅ ወደዚያ ብርድ አትወጣም።»

«ስለቴስ?» አልኩ። «ያልደረሰ ስለት እኮ…»

«ማርያም እናት ናት፤ ምን ልታደርግሽ መሰለሽ? ጧፍሽን ስጪኝ፣ እኔ አበራልሻለሁ።»

ጧፌን ሰጠኋቸው። በርኖሳቸውንም እንዲወስዱ ለመንኳቸው፤ በእጀ ጠባብ ብቻ አምባው ላይ ቢያድሩ ይሞታሉ። የበለጡን ጋቢ ከእሳቱ በላይ ሰቅለነው ነበር፣ መድረቅ ጀምሯል። አየት አድርገው በርኖሱን ተቀበሉኝ።

በለጡ ተነሥታ ቆመች። መንገዱን አየች። ሰዉ ሸክሙን እየተሸከመ ነው፤ ብትሄድ ሳይመሽ ትደርሳለች፣ አንዱን ሌሊት እንኳ በደጁ ሥር ታድራለች። ጋቢውን አየች፣ ስንዱን አየች። ከመቀነቷ የራሷን ጧፍ ፈታችና ለአያ ይመር ዘረጋችላቸው።

«ይኼንንም» አለች፤ ወደ ውስጥም ገብታ የጋቢውን እርጥብ ጫፍ ወደ እሳቱ አዞረች።

የቀሩት አሥራ አንድ የማኅበራችን ሰዎች ወጡ፤ እኔ፣ ስንዱና በለጡ ቀረን። አያ ይመር ከኋላ ሆነው ሰዉን አስቀደሙና ከደጃፉ ላይ ዞር ብለው ሁለታችንን አይተው፣ የሚወጡትም ሁሉ እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «አንድ ጋቢ የያዙ፣ ባንድ እግር ይጓዙ» አሉ።