ዘውድነሽና አልለቀቅ ያለው ወንበር

ተረት አለኝ። ያላመነ ሰው ሆስፒታሉ ድረስ ሄዶ ይጠይቅ፤ የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ ግን አልናገርም።

እዚያ ሆስፒታል፣ ልብስ እጥበት ክፍል ውስጥ፣ ዘውድነሽ የምትባል ሴት ትሠራ ነበር። ባሏ ከሞተ ሦስት ወሩ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ደግሞ የሆስፒታሉ ቤተ መጻሕፍት ለሠራተኛው የጭንቀት ማቅለያ ሰዓት ያዘጋጃል። ለስለስ ያለ ሙዚቃ ይከፈታል፣ ወረቀትና ባለቀለም እርሳስ ይታደላል። የፈለገ ሥዕል ይቀባል፤ የፈለገ ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ይተነፍሳል። በሩ ላይ «ጭንቀትዎን ከጫማዎ ጋር እዚህ ይተዉ» የሚል ተለጥፏል። ነርሶቹ ከዚያ እየሳቁ ይወጣሉ። «እኔማ ባለፈው ሐሙስ ከዚህ ሄጄ እንደ ሕፃን ተኛሁ!» ይባባላሉ። ዘውድነሽ ይህን ስትሰማ አንጀቷ ያርራል። ወርቅ ቢያጠልቁ አትቀናም፤ መኪና ቢነዱ አትቀናም። እንቅልፋቸው ነው ያስቀናት።

አንድ ሐሙስ አላስችል አላት። እጇን በሽርጧ አደራርቃ ሄደች።

«ምንትዋብ ልጄ፣ ለእኔም አንድ ወንበር ስጪኝ» አለቻት የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ።

«እትዬ ዘውዴ፣ ያሉኝ ወንበሮች አምስት፣ አምስቱም ተይዘዋል። ዶክተር ገዛኸኝ ግን ሰዓታቸው ካለፈ ቆይቷል። እሳቸው ከተነሱ ወንበሩ የእርስዎ ነው።»

ወንበሩ አልለቀቅ አለ፤ ዘውድነሽም አላረፈች።

ዶክተር ገዛኸኝ አውራ ዶሮ ሥሎ አናቱ ላይ ያለውን ኩክኒ ቀይ እየቀባ ነበር።

«ዶክተር፣ ኧረ ይነሱልኝ! እርስዎ ካልተነሱ ወንበሩ አይለቀቅም፤ ወንበሩ ካልተለቀቀ እኔ አላርፍም» አለችው።

«ምን ቆርጦኝ!» አለ ከዶሮው ላይ ቀና ሳይል። «ሲስተር አስካለ የበሽተኛውን ካርድ ካላመጣችልኝ ወጥቼ ምን ልሠራ? እሷ እዚያ ሻይዋን ፉት እያለች እኔ ኮሪደር ላይ ልገተር? አልነሳም!»

ዶክተሩ አልነሳ አለ፤ ወንበሩ አልለቀቅ አለ፤ ዘውድነሽም አላረፈች።

ደረጃውን ወጣች። ሲስተር አስካለ እውነትም ሻይ ይዛለች።

«ሲስተር፣ በሞቴ ካርዱን ውሰጂለት! ካርዱን ካልወሰድሽ ዶክተሩ አይነሳም፤ ዶክተሩ ካልተነሳ ወንበሩ አይለቀቅም፤ ወንበሩ ካልተለቀቀ እኔ አላርፍም።»

«ካርዱ የሚመጣው ከበሽተኛው ጋር ነው። በሽተኛው ታች ድንገተኛ ክፍል ተቀምጧል፤ ውብሸት ገፍቶ አላመጣልኝም» አለች ሲስተር። «ዶክተሩ ዶሮ ይቀባ፣ ውብሸት ፀሐይ ይሙቅ፣ እኔ ብቻ ልሩጥ? የእኔ እግር የብረት ነው? አልወስድም!»

ሲስተር ካርድ አልወስድ አለች፤ ዶክተሩ አልነሳ አለ፤ ወንበሩ አልለቀቅ አለ፤ ዘውድነሽም አላረፈች።

ደረጃውን ወረደች። ውብሸት በረንዳ ላይ፣ በባዶ ባለጎማ ቃሬዛው ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል።

«ውብሸት ወንድሜ፣ እባክህ በሽተኛውን ግፋ! አንተ ካልገፋህ ሲስተር ካርድ አትወስድም፤ ሲስተር ካርድ ካልወሰደች ዶክተሩ አይነሳም፤ ዶክተሩ ካልተነሳ ወንበሩ አይለቀቅም፤ ወንበሩ ካልተለቀቀ እኔ አላርፍም።»

«ነርሱ ሁሉ ቤተ መጻሕፍት ሁለት ሁለት ጊዜ ሲገባ ለእኔ ለቃሬዛ ገፊው ማን ና አለኝ?» አለ ውብሸት አኩርፎ። «ደግሞ በሽተኛው ጋሽ ይርጋ ራሳቸው ቃሬዛው ላይ አልወጣም ብለዋል። ባዶ ቃሬዛ ልግፋ? አልገፋም!»

ውብሸት አልገፋ አለ፤ ሲስተር ካርድ አልወስድ አለች፤ ዶክተሩ አልነሳ አለ፤ ወንበሩ አልለቀቅ አለ፤ ዘውድነሽም አላረፈች። ቢሆንም ተስፋ አልቆረጠችም።

ጋሽ ይርጋ ድንገተኛ ክፍል፣ እግራቸው በጀሶ ታስሮ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሽ ይርጋ፣ በእናትዎ ቃሬዛው ላይ ይውጡ! እርስዎ ካልወጡ ውብሸት አይገፋም፤ ውብሸት ካልገፋ ሲስተር ካርድ አትወስድም፤ ሲስተር ካርድ ካልወሰደች ዶክተሩ አይነሳም፤ ዶክተሩ ካልተነሳ ወንበሩ አይለቀቅም፤ ወንበሩ ካልተለቀቀ እኔ አላርፍም!»

«አልወጣም!» አሉ ጋሽ ይርጋ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው። «ትናንት አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ቃሬዛው ላይ ሲወጣ ነጭ አንሶላ ተነጥፎለታል፤ ያውም ሁለት! እኔ በባዶ ፍራሽ ልተኛ? ከእሱ በምን አነስኩ? አንሶላ ካልተነጠፈልኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም!»

ጋሽ ይርጋ አልወጣ አሉ፤ ውብሸት አልገፋ አለ፤ ሲስተር ካርድ አልወስድ አለች፤ ዶክተሩ አልነሳ አለ፤ ወንበሩ አልለቀቅ አለ፤ ዘውድነሽም አላረፈች።

«አንሶላውን ማን ከለከለዎት?» አለች በንዴት።

«እጥበት ክፍል ነው አሉኝ። ከጠዋት ጀምሮ ‹ይመጣል፣ ይመጣል› ይሉኛል። ምን ዓይነት ጨካኝ ሰው እንዳለ እንጃ!»

ዘውድነሽ ጨካኙን ሰው ታውቀዋለች። እውነቱን እኔ ልናገርላት። ጠዋት የድንገተኛ ክፍሉን አንሶላ አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ጨርሳ ነበር። ልትወስደው ስትል የክፍሉ ነርሶች «ሐሙሳችን መጣ!» እያሉ ሲሳሳቁ ሰማች። ደሟ ፈላ። «እነሱ እየተኙ እኔ ላንጥፍላቸው? እስቲ ትንሽ ይቸገሩ!» አለችና ጥቅሉን ከመደርደሪያው ኋላ ወሸቀችው። ለካ ቅናቷ የሰው አልጋ ሊያራቁት ሄዶ የራሷን ወንበር ይዞባት ኖሯል።

«በገዛ እጄ!» አለችና ሮጠች። ጥቅሉን ታቅፋ ስትመለስ ሽርጧ ትከሻዋ ላይ ደርሷል።

አንሶላው መጣ። አንሶላው ሲመጣ ቃሬዛው ላይ ተነጠፈ፤ ቃሬዛው ላይ ሲነጠፍ ጋሽ ይርጋ ወጡ፤ ጋሽ ይርጋ ሲወጡ ውብሸት ገፋ፤ ውብሸት ሲገፋ ሲስተር ካርዱን ወሰደች፤ ሲስተር ካርዱን ስትወስድ ዶክተሩ ተነሳ፤ ዶክተሩ ሲነሳ ወንበሩ ተለቀቀ፤ ወንበሩ ሲለቀቅ ዘውድነሽ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ተቀመጠች።

ምንትዋብ ወረቀትና አረንጓዴ እርሳስ ሰጠቻት። ዘውድነሽ መጀመሪያ ያየችው አጠገቧ የተቀመጠችው ነርስ የሣለችውን ነው። «የእሷ ዛፍ ከእኔ ያምራል» ብላ ትንሽ ከፋት፤ አመል እንዲህ በአንድ ቀን አይለቅም። አንድ ቅጠል ቀባች። ሁለተኛውን ጀመረች። ሦስተኛው ላይ እርሳሱ ከእጇ ወደቀ፤ አገጯ ደረቷ ላይ አረፈ።

ሰዓቱ አለቀ፤ ሙዚቃው ቆመ፤ ሰዉ ወጣ። ዘውድነሽ ግን ታንኮራፋለች። ምንትዋብ ልትቀሰቅሳት እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው። ዶክተር ገዛኸኝ እርሳስ ረስቶ ሲመለስ አያትና በሩ ላይ ቆመ። ሲስተር አስካለ ዶክተሩን ፍለጋ መጥታ ቆመች። ውብሸት ሁለቱ ምን እንደሚያዩ ሊያይ መጥቶ ቆመ።

«እኔ ስንት ጊዜ ተመላልሼ እንዲህ ያለ እንቅልፍ አላገኘሁም!» አለች ሲስተር በሹክሹክታ።

«እኔ ራሴ መድኃኒት ውጬ እንዲህ አልተኛሁም» አለ ዶክተሩ።

«ዝም በሉ! ትሰማችኋለች» አለ ውብሸት።

ሦስቱም በር ላይ ተደርድረው እያዩዋት ቀኑባት። የሚቀሰቅሳት ግን አልተገኘም።

ተረቴን እዚህ ላይ አስተኝቼዋለሁ፤ የቀና ሄዶ አጠገቡ ይተኛ።