ኮርቻ ሠሪው ጁማኩልና የቤጉ በዓላት

በኡዝቤኮች አገር፣ በፈርጋና ሸለቆ፣ ጁማኩል የሚባል ኮርቻ ሠሪ ነበር ይላሉ። ከተማው የት ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የሚያወራላችሁ ሰው ሁሉ የራሱን ከተማ ስም ይጠራል። ሁሉም የሚስማሙበት ነገር ቢኖር ጁማኩል ፈሪ መሆኑ ነው። ውሻ ሲጮህ ግድግዳ ይታከካል፤ ወታደር ሲያይ ኮርቻ ሥር ይደበቃል። ምላሱ ግን አንድም ቀን እሱን አማክራ አታውቅም።

አንድ ዓመት ናቭሩዝ ደረሰ። ናቭሩዝ ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ፣ ፀደይ ሲገባ የሚከበር አዲስ ዓመት ነው። የከተማዋ ገዥ ቤጉ ግን ከቡኻራ ያዘዙት የሐር ካባ ገና መንገድ ላይ ነበር። ባሮጌ ካባ በዓል አላከብርም አሉና «ፀደይ አሥር ቀን ዘግይቶ ይግባ» ብለው አዋጅ አስነገሩ። ወታደሮች በየግቢው እየገቡ ያበበውን ዛፍ ሁሉ በዱላ አራገፉ። በማግስቱ የጁማኩል የኮክ ዛፍ እንደገና አብባ ተገኘች።

ጁማኩልን እየጎተቱ የከተማዋ ዳኛ ቃዲው ፊት አቆሙት። ሚስቱ ኦይኒሶ እጅጌውን ይዛ «ዛሬ እንኳ ዝም በል፣ አንተ ሰውዬ!» እያለች ተከተለችው። እሱም ዝም ሊል ቆርጦ ነበር።

«ዛፍህ የቤጉን አዋጅ አልሰማችም?» አሉ ቃዲው።

«ሰምታለች ጌታዬ፤ ግን ሹመት የላትም፣ ምን ትፈራለች?»

 ቃዲውም ዛፏ አሥር ጅራፍ ተገርፋ ባለቤቷ እንዲለቀቅ ፈረዱ።

ካባው መጣና በዓሉ ተፈቀደ። ሴቶቹ በሰፈሩ መሃል ትልቁን ድስት ጥደው ሱማላክ ማማሰል ጀመሩ። ሱማላክ ከበቀለ ስንዴ የሚሠራ፣ ሲማሰል የሚውል ጣፋጭ ገንፎ ነው። እንዳያርር ከሥሩ ጠጠር ይጨመርበታል፤ ሳህኑ ውስጥ ጠጠር የተገኘለት ሰው ምኞቱ ይሰምርለታል ይባላል። በአገሩ አጠራር «ባይ» የሚባለው የሰፈሩ ባለጠጋ፣ ሶሊህ ባይ፣ አንድ ጭብጥ ስንዴ አዋጥቶ ሁለት ባልዲ ይዞ መጣ። ገንፎው ሲታደል ጭልፋው በጁማኩል እጅ ነበር። ጁማኩል የድስቱን ሥር እየጠረገ ጠጠሩን በሙሉ በባይው ባልዲ ውስጥ ገለበጠው።

«ይሄ ሁሉ ድንጋይ ነው እኮ!» ብሎ ጮኸ ሶሊህ።

«የእርስዎን ምኞት አንድ ጠጠር ይችለዋል እንዴ?»

ሶሊህ ባይ ሰው እንዳያማው ብሎ በረመዳን ሃያ ዘጠነኛው ቀን ጎረቤቶቹን ለኢፍጣር ጠራ። ፀሐይ እንደገባች የዒዱን ጨረቃ ለማየት ሁሉም ወደ ምዕራብ አንጋጠጠ። ጁማኩል ብቻ እንደ ውሃ የቀጠነው ሾርባው ላይ እንዳቀረቀረ ቀረ።

«ሰው ሁሉ ሰማይ ያያል፤ አንተ እዚያ ውስጥ ምን ትፈልጋለህ?» አለው ሶሊህ።

«ጨረቃዋን። ሰማዩ ላይ ደመና አለ፤ እዚህ ውስጥ ግን የሚጋርዳት ምንም ነገር የለም።»

ለአረፋ ባይው ጅራቱ መሬት የሚጠርግ ሙክት አረደ። ለጎረቤት የሚገባውን ድርሻ ሲያከፋፍል ለጁማኩል የደረሰው አራት ሰኮና ነበር። ጁማኩልም ሰኮናዎቹን ወስዶ በሶሊህ በር ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ግቢው አዙሮ በሰልፍ ደረደራቸውና አጠገባቸው ተቀመጠ። ሶሊህ ወጥቶ «ምን እያደረግህ ነው?» አለው።

«የቀረው አካላቸው የት እንደገባ እነሱ ያውቃሉ ብዬ ነው፤ ሲነሱ እከተላቸዋለሁ።»

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቤጉ ከናቭሩዝ የሚበልጥ በዓል አማራቸውና የተወለዱበት ቀን ሦስት ቀን ሙሉ በጭፈራ እንዲከበር አዘዙ። ከበሮው ተደለቀ፤ ረጃጅሙ መለከት ተነፋ። ከቤጉ ታጋይ ጋር ለትግል የወጣው ጎረምሳ ቤጉን ደስ ለማሰኘት ብሎ ገና ሳይነኩት ወደቀ። ቤጉ አዲሱን ካባቸውን ለብሰው በሕዝቡ መሃል እየተዘዋወሩ «ከናቭሩዝና ከእኔ ማንን ትወዳለህ?» እያሉ ይጠይቁ ጀመር። ቃዲው እንባ አውጥተው «እርስዎን!» አሉ። አንድ ሐብሐብ ሻጭ ትንሽ ቢያመነታ ወደ እስር ቤት ተወሰደ።

ጁማኩል ከበሮ መቺዎቹ ጀርባ ተሸሽጎ ነበር። ቤጉ ወደ እሱ ሲመጡ ኦይኒሶ ፈጥና ትልቅ ዳቦ አፉ ውስጥ ጠቀጠቀችበት። ቤጉ ግን አልተቸኮሉም፤ አኝኮ እስኪውጥ ቆመው ጠበቁት። ጁማኩል «እርስዎን» ብሎ ሊገላገል በልቡ ተዘጋጅቶ የመጨረሻዋን ጉርሻ ዋጠ።

«እህስ፣ ከናቭሩዝና ከእኔ ማንን ትወዳለህ?»

«ናቭሩዝን፣ ጌታዬ።»

ከበሮው ቆመ። ኦይኒሶ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። የቤጉ እጅ ወደ ሰይፋቸው ሄደ።

«ለምን?»

«እሱ መጥቶ ይሄዳላ!»